«ለራሱ ብለን ነው»

ጤና ይስጥልኝ። ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ እናቶች፣ ይሰማችኋል? ጥሩ።

ያስተዋወቀኝ ልጅ «ምሁር» ብሎኛል። አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ ነርስ ነኝ፤ የአእምሮ ሕክምና ነርስ። ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙውን የሌሊት ተረኛ ሆኜ። ስላይድ አላመጣሁም። ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ታማሚዎች መብት ተናገሪልን ስትሉኝ መጀመሪያ የመጣችልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እናት ትላታለች፣ ሐኪም ይላታል፣ ፖሊስ ይላታል፣ አጥማቂ ይላታል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ብያታለሁ። «ለራሱ ብለን ነው።»

ለምን አሰራችሁት? ለራሱ ብለን ነው። ለምን ሳትነግሩት ወጋችሁት? ለራሱ ብለን ነው። ስልኳን ለምን ቀማችኋት? ለራሷ ብለን ነው።

አንዳንዴ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ሁልጊዜ ውሸት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ መምጣት ባላስፈለገኝ።

ከአንድ ቤት ልጀምር። ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመቴ ነበር፣ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ለማየት ገጠር ወጣን። መኪናው ከቆመበት ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። አንዲት እናት በር ላይ ወጥተው ተቀበሉን። ተሳሳምን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጎረቤቱ ሳይቀር ጠየቅኩ፣ ቡና ይፈላ ተባለ። ልጃቸው ጓዳ ነበር። በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ስድስት ዓመቱ ነው። ብረቱ የሚነካው ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ፣ ድኖ፣ እንደገና ቆስሎ እንደ በሬ ጫንቃ ጠንክሯል። እግሮቹ ከመቀመጥ ብዛት ቀጥነዋል። ቁልፉ የት ነው ብዬ ስጠይቅ እናቲቱ መቀነታቸውን ነካ አደረጉ። ከሳንቲማቸው ጋር ቋጥረውታል።

እኔ ወጣት ነኝ፣ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ ሰብአዊ መብት አስተማርኳቸው። ሕገ መንግሥት፣ ክብር፣ ምናምን። አዳምጠው አዳምጠው፣ ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ ዛሬ ትሄጃለሽ። ጅቡ ግን እዚሁ ነው።»

ከዚያ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ የጎረቤት የጭድ ክምር አቃጥሎ ሊገድሉት ነበር። ሌላ ጊዜ ጠፍቶ በሦስተኛው ሳምንት ገደል ሥር ተገኘ። ሁለት ጊዜ ከተማ ወስደው አሳክመውታል። ለእሱ፣ ለራሳቸውና እጁን ይዘው ለሚሄዱ ሁለት ጎረምሶች የመኪና መክፈል ነበረባቸው፣ ስለዚህ በሬ ሸጡ። ተሻለው። መድኃኒቱ አለቀ። ሲመለሱ «እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባሉ። ሁለተኛ በሬ አልነበራቸውም። ሰንሰለቱን የገዙት ያን ዓመት ነው።

ይሄ የእሳቸው ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ሶዶ ወረዳ አለ። እዚያ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለምንና እንዴት እንደሚታሰሩ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ያገኙት ነገር ከእኚያ እናት ንግግር ብዙ አይርቅም፦ ቤተሰብ የሚያስረው ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው፤ ልጁን ከአደጋ፣ ሰፈሩን ከልጁ ለመጠበቅ። ከእስር የሚያስፈታው ምንድን ነው ሲባሉም ሰዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ያነሱት ሕክምና ማግኘትን ነው። ስብከት አይደለም። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያን ቀን ጓዳው በር ላይ የቆምኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ከሶዶ አለፍ ብሎ ደግሞ ቡታጅራ አለ። የሕክምና ተማሪዎች ስለ ቡታጅራ ሰምታችኋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዓመታት የተመላለሱበት ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው የተለዩት። ከእነዚያ 919ኙን ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው። 121 ሰዎች ሞቱ። በሌላው ሕዝብ መካከል ቢሆን ይጠበቅ የነበረው የዚህ ግማሽ ነው። የሞቱትም ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ምን ገደላቸው? ግማሽ ያህሉን ተላላፊ በሽታ። እንግዲህ አስቡት፤ እብድ የተባለ ሰው ሲያስለው ማን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? «እሱን ደግሞ ምን ያመዋል» ነው የሚባለው። ስለዚህ መብት ስል ስለ ሰንሰለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሳል ሽሮፕም መብት ነው።

አሁን ትንሽ ሕግ። አይዟችሁ፣ አላበዛም።

ጠበቃ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞ መጣና «ይቺን አንብቢ» አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ማለት ነው። አንቀጽ 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም ሌላ ተቋም የገባ ሰው እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ የታወቀ ሆኖ ይቆጠራል ይላል። እሺ፣ የዘመኑ አስተሳሰብ ነው አልኩ። ቀጥላ ያለችው 342 ግን ሆስፒታል ስለሌለበት ገጠር ናት። ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነበት አካባቢ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ የተነሳ የሚጠብቁት ከሆነ፣ በዚህም ምክንያት እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ካደረጉት፣ እብደቱ በሕግ ፊት የታወቀ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

ሕጉን ላለመበደል ያህል፣ ሐሳቡ ደግ ነው። ታማሚው የፈረመውን ውል ማፍረስ እንዲቻል ነው፤ አንዱ ብልጥ መጥቶ በሬውን በአንድ መለኪያ አረቄ እንዳይገዛው። ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። መታሰሩ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ሐኪም አላየውም፣ ዳኛ አልጠየቀውም፤ የቤቱ ሰዎች አሰሩት፣ እንግዲያው እብድ ነው። የውርስ ክርክር ባለበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ሁላችንም አገር ቤት ዘመድ አለን። ጓደኛዬ መጽሐፉን ዘጋና «አየሽ፣ ይቺም ለራሱ ተብሎ ነው» አለኝ።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የረዥም ጊዜ የአእምሮ ችግር ያለባቸውም እዚያ ውስጥ አሉ። አንቀጽ 12 እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት ከሌላው ጋር እኩል ችሎታ አላቸው ይላል። አንቀጽ 14 ደግሞ ጉዳተኛ መሆን ብቻውን ነፃነትን ለመንፈግ ምክንያት አይሆንም ይላል። ሁለቱ ሕጎች ጠበቃው ቢሮ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰላም አይባባሉም።

ይሄን ሁሉ ስል ስለ ገጠር እናቶችና ስለ ድሮ ሕግ እያወራሁ ራሴን እያመለጥኩ እንዳይሆን። ወደ ዋርድ ልመለስ።

ሆስፒታሉን አልጠራም። ሌሊት ነው፣ ሁለት ነርስ ነን፣ ታማሚው ደግሞ ብዙ። አንዲት ሴት ከቀትር ጀምራ እየጮኸች ነው፣ አንዷን ታማሚ መታች፣ መስኮት ሰበረች። አሰርናት። በአንሶላ ነው የምናስረው፣ ለሁለት ቀድደን። ትምህርት ቤት የተማርነውን ታውቁታላችሁ፦ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ ማን እንዳዘዘና ስንት ሰዓት እንደታሰረች ይጻፍ፣ በየ15 ደቂቃው እጅና እግሯ ይታይ፣ ውኃ ይሰጣት፣ ሽንት ቤት ትወሰድ። ፈተና ላይ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ያን ሌሊት ግን ሌላ ታማሚ ወደቀ፣ ሌላው ለማምለጥ አጥር ላይ ወጣ፣ እሷን ረሳኋት። አልረሳኋትም እንኳ፤ እየጠራችኝ ነበር። «ሲስተር! ሲስተር!» ትላለች። ሕመሙ ነው የሚያስጮኻት አልኩ። ንጋት ላይ ስሄድ ፍራሹ ርሷል፣ የእጇ አንጓ አብጧል።

ከሁለት ወር በኋላ ተሽሏት ስትወጣ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልትሰናበተኝ መጣች። አመሰገነችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ያን ሌሊት ይሰማሽ ነበር ግን?» አለችኝ። ሽንቴ መጣ ስትል ነበር ሌሊቱን ሙሉ።

ይሰማኝ ነበር። አላዳመጥኩም እንጂ። ይሄ ነገር ከአንሶላው ይብሳል ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው የአእምሮ ታማሚ ከተባለ በኋላ አፉ የሚያወጣው ነገር ሁሉ የሕመም ምልክት ይሆናል። ምግቡ አይበላም ካለ ተጠራጣሪ ነው። ዘበኛው መታኝ ካለ ቅዠት ነው። ከተናደደ ሕመሙ ተነስቶበታል፣ ዝም ካለ ተዘግቷል። መድኃኒቱ ምላሴን አሳሰረኝ፣ አንገቴን ጠመዘዘኝ፣ አልወስድም ካለ ደግሞ ካርዱ ላይ «ኢንሳይት የለውም»፣ መታመሙን አያውቅም ማለት ነው፣ ብለን እንጽፋለን። ሃሎፔሪዶል አንገት እንደሚጠመዝዝ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም! ተማሪዎች፣ ይቺን ልብ በሉልኝ፦ ኢንሳይት የለውም የምንለው ሰው አንዳንዴ በሽታውን የካደ ነው፣ አንዳንዴ ግን ከእኛ ጋር ያልተስማማ ብቻ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ መጠየቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜው የለም። ስለዚህ እንወጋለን።

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶች ይሄን በሌላ ቋንቋ ቀምሰውታል። ከአሠሪ ቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ አውሮፕላን። ምን እንደተወጋች፣ ምን እንደተባለች የማታውቅ፣ በእጇ አንድ ወረቀት የሌላት ልጅ ስንቴ ተቀብያለሁ። ያስተረጎመላት ሰው አልነበረም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአማርኛም ቢሆን የምንነግራቸው ብዙ አይደለም።

አሁን ከኋላ ያላችሁ እናቶች እንዳትቀየሙኝ፤ ስለ ሻዩ ላወራ ነው። (አያችሁ፣ ሳቁ። ያውቁታል።)

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት አውቃለሁ፣ ሃያ አራት ዓመቱ። ቤተሰቤ በምግብ መርዝ ይሰጡኛል ይላል። ሕመሙ ነው፣ እንደዚህ ያለ ጥርጣሬ በየቀኑ እንሰማለን። ክኒኑን እንቢ አለ። እናትየው ጨነቃቸው፣ እየፈጩ ሻይ ውስጥ ጨመሩለት። ማን እንዳማከራቸው አልናገርም፤ የኛ ሙያ ሰው ነው። ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ ሆነ። አንድ ቀን ብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ አየ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ቤት ውስጥ ምግብ አልቀመሰም። ሙዝ ይበላል፣ የተቀቀለ እንቁላል ይበላል፣ ያልተከፈተ የላስቲክ ውኃ ይጠጣል። የራሱ ልጣጭ ያለው ነገር ብቻ። እኔ ጋ ሲመጣ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። «መርዝ ያበሉኛል ስላችሁ አበደ አላችሁኝ» አለኝ። ምን ልመልስለት? መርዝ አልነበረም፣ መድኃኒት ነው። ግን ተደብቆ የገባ ነገር ነበር፣ ልክ እሱ እንዳለው። በሽታውን እኛው እውነት አደረግንለት።

አንዳንድ ሐኪሞች በጭራሽ አይደረግም ይላሉ። እኔ እንደዚያ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሊዘል ያለ ልጅ ያላት እናት ሻዩን ብታቀርብለት አልፈርድባትም። ግን አንድ ነገር እላታለሁ፦ አእምሮው ጠራ ባለ የመጀመሪያ ቀን አንቺው ንገሪው። ሌላ ሰው እንዳይነግረው፣ ብርጭቆው እንዳይነግረው። ከዚያ ደግሞ ክኒን መዋጥ ካስጠላው በወር አንዴ የሚወሰድ መርፌ እንዳለ አስረዱት፣ ራሱ ይምረጥ። ያ ልጅ በመጨረሻ ሞዲኬት የሚባለውን መርፌ መረጠ፣ «መርፌው ቢያንስ ሲገባ አየዋለሁ» ብሎ።

ስለ ጸበል ምን ትያለሽ የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። እኔ ራሴ እጠመቃለሁ። ጸበልና ክኒን ተጣልተው አላየሁም፤ የሚያጣሉአቸው ሰዎች ናቸው። ክኒኑን በጸበል የሚውጡ ታማሚዎች አሉኝ፣ «መድኃኒትም የእግዚአብሔር ነው» የሚሉ አባቶችም አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ከውኃው አጠገብ ያለው ነገር ነው፤ ማሰሩ፣ መግረፉ፣ ክኒኑን ጣል ማለቱ፣ ደግሞ በር ተቆልፎ ማደሩ።

ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ። ሕንድ ውስጥ፣ ታሚል ናዱ በሚባል ግዛት፣ ኤርዋዲ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። የአንድ ሙስሊም ቅዱስ መቃብር አለባት፣ ከየሃይማኖቱ ሰው ይመጣል፣ የተቀደሰ ውኃና የመብራት ዘይት ይቀበላል። ታሪኩ የኛ አይመስልም? በዙሪያው ደግሞ ሰዎች ቤት ከፈቱ፣ ገንዘብ እየተቀበሉ ታማሚ ያኖራሉ፣ ያስራሉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2001 ከአንዱ ቤት እሳት ተነሳ። የታሰረ ሰው ከእሳት አይሮጥም። 28 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ያነሳው፣ ቤቶቹም የተዘጉት። ሕንድ በ2017 ያወጣችው የአእምሮ ጤና ሕግ ታማሚን በምንም ዓይነት መንገድ በሰንሰለት ማሰርን ይከለክላል። አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው፣ ከእሳቱ እስከ ሕጉ።

አሁን ደግሞ ወዲህኛው ጥግ ያላችሁ ወጣቶች ፊታችሁ ላይ አነባለሁ፦ «እንግዲያው ሁሉንም ፍቱ፣ ሆስፒታሉንም ዝጉ፣ ቤታቸው ይኑሩ።» በሐሳቡ ብስማማ ደስ ይለኛል። ግን ደቡብ አፍሪካን አትርሱ።

ጆሃንስበርግ ባለችበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር፣ የጤና ቢሮው ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከሚባል ተቋም ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። ወጪ ለመቀነስ ተባለ፣ ደግሞም ታማሚዎች ከተቋም ወጥተው በማኅበረሰቡ ውስጥ ይኑሩ የሚለው ዘመናዊ ሐሳብ ተጠቀሰ። የሚያምር ሐሳብ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰዎች ተወሰዱ፣ ብዙዎቹም በጎ አድራጎት ነን ወደሚሉ ድርጅቶች። አንዳንዶቹን በክፍት ፒክአፕ ጭነው ወሰዷቸው። የመንግሥቱ የጤና ዕንባ ጠባቂ በኋላ ሲመረምር 27ቱም ድርጅቶች ሕጋዊ ፈቃድ አልነበራቸውም፣ አንዳንዶቹም ታማሚዎቹን እንደ ከብት ገበያ ነው የመረጧቸው። ሙቀት የሌለው ቤት፣ ያልበቃ ምግብ፣ ያልተከተላቸው የመድኃኒት ካርድ። ቤተሰብ ልጁ የት እንደተወሰደ ሳያውቅ ከበር በር ይዞር ነበር። 144 ሰዎች ሞቱ። ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ በ2018 መንግሥት ካሳ እንዲከፍል ወሰኑ፣ ግን ካሳ ምን ይሠራል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይሄን ነው፦ እዚያ ማንም በሰንሰለት አላሰራቸውም። ወረቀቱ ላይ የነፃነት ቃል ነበር። ታማሚዎቹን ግን ማንም አልጠየቀም፣ ቤተሰቦቹ ሲቃወሙም አልተሰሙም። የኛ እናት በሰንሰለት ያሰረችው ስላልረዳናት ነው፤ እዚያ ደግሞ ፈትተው ጣሏቸው። ያቺ ሰውየው በሌለበት የምትባለው «ለራሱ ብለን ነው» ሁለቱም ቦታ አለች።

ታዲያ ታማሚውን መቼ ነው የምንጠይቀው? እዚህ ላይ ባለሙያዎችና የመብት ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ያን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰው ፋንታ መወሰን ይቅር፣ በምትኩ ሰውየው ራሱ እንዲወስን ይደገፍ ብሏል። ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ «ሰማይ ያዘዘኝን ነው የምሰማው» ብሎ መንገድ መሀል የቆመውን ሰው ማን ይደግፈዋል ይላሉ። እኔ ሌሊት የሠራሁ ሰው ነኝና ልቤ ሙሉ በሙሉ ከኮሚቴው ጋር አይሄድም። አንዳንዴ መያዝ አለ። ግን የያዘው ሰው ስሙን ይጻፍ፣ ሰዓቱን ይጻፍ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍ፣ ሲያልፍም ሄዶ «ያን ቀን ይዤህ ነበር፣ ለዚህ ነው» ይበለው። ይሄን ያህል ካልቻልን ሥራውን ለሌላ እንተው።

ብዙው ነገር ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ሰውየው ደህና ሲሆን መጠየቅ ነው። ተረታችን ግን ምን ይላል? «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው።» ይሄ ተረት ብዙ ሰው በድሏል። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም፣ ያለበት ሰው በዓመት ውስጥ ብዙ ወር ከእኔ የተሻለ ሊያስብ ይችላል። አንድ አስተማሪ አለ፣ የኔ ታማሚ። ሦስት ጊዜ ተኝቷል፣ ሦስቱንም በፖሊስ መኪና፣ ተማሪዎቹ እያዩት። አራተኛው ከመምጣቱ በፊት ቁጭ ብለን ደብተር ላይ ጻፍን። በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ያውም ውብ ነው የሚጽፈው። «ሦስት ሌሊት ካልተኛሁና ገንዘብ ለሰው መስጠት ከጀመርኩ ነገሩ መጥቷል ማለት ነው። ለእህቴ ደውሉ። ለወንድሜ አትደውሉ። ሊቲየም እቀበላለሁ፣ ሃሎፔሪዶል አትስጡኝ። ብትይዙኝም ጫማዬን አታውልቁብኝ።»

ጫማው አስገረመኝ። ዋርድ ውስጥ ጫማ የምንወስደው እንዳያመልጡ ነው፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። «ባዶ እግሬን ሲያዩኝ ነው እብድ የምሆነው» አለኝ። አራተኛው መጣ፣ እህቱ ደወለች፣ በታክሲ መጣ፣ ተኛ፣ ወጣ። ወረቀቱ ሕግ ፊት ምን ዋጋ እንዳለው ጠበቃው ጓደኛዬ ይከራከር። ዋርዱ ውስጥ ግን ሠርቷል። ጫማውን አላወለቅንም።

ሰዓቴ እያለቀ እንደሆነ ምልክት እየተሰጠኝ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ልጨርስላችሁ።

ከጊዜ በኋላ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ሠልጥኖ መርፌውን መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያውን ስንሰጠው ታሳሪውን ጠየቅነው ብል እዋሻለሁ፣ አልጠየቅነውም። ሦስተኛውን ግን በራሱ እግር ሄዶ ነው የተወጋው፤ እናቱ ከኋላው እየተከተሉ፣ ቁልፉ አሁንም መቀነታቸው ውስጥ። ሰንሰለቱ ወለል ላይ ለአምስት ወር ያህል ቆየ፣ ለክፉ ቀን ብለው። በኋላ ለጥጃው ሆነ።

ከዓመት በላይ ቆይቼ ሳልፍ በዚያው መንገድ ገባሁ። ደጅ ላይ አገዳ ሲያስር አገኘሁት። እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ቡና ተፈላ፣ ተጫወትን፣ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት፦ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ከሁሉ የከፋህ ምን ነበር? ሰንሰለቱ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ወይ ብርዱ።

ትንሽ አሰበና «ሰው ሲመጣ እናቴን ሰላም ይላል፣ ላሟን ሳይቀር እንዴት ናት ብሎ ይጠይቃል። እኔን ሰላም የሚል አልነበረም» አለኝ። ከዚያ ስኒውን አስቀመጠና፣ ሳይቀየም፣ እንዲያው ለማስታወስ ያህል፣ «አንቺም ያን ጊዜ ስትመጪ ሰላም አላልሽኝም» አለኝ።